ይሄን ራስህ ሥራው፣ ያንን ለእኔ ተወው

ሥራ ያቆምኩት ሰልችቶኝ አይደለም፤ እጄ ነው ያስቆመኝ። ቀኝ እጄ መጀመሪያ ካንዴላ ስፈታ ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ቆይቶ የሻይ ብርጭቆ ሳነሣም ጀመረ። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ብሎን ቀዳዳዋ ውስጥ ማስገባት አቅቶኝ ሞተሩ ሥር ጣልኳት፤ ስፈልጋት ረፋዱ አለቀ። ደንበኛዬ አጠገቤ ቆሟል፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ብሎኗን አገኘኋትና ጠርጌ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት፤ «በል አንተ አስገባት» አልኩት። ያን ዕለት ለራሴ «እንድሪስ፣ ኸላስ፣ ይበቃሃል» አልኩ።

ከጦርነቱ በኋላ አሁን ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ተመልሻለሁ። ከክፍሌ በር ፊት ለፊት ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ወንበሬን አወጣና እቀመጣለሁ። ሰፈሩ እንደ ድሮው አልሞላም፤ ግን የተመለሰው ሁሉ አሮጌ መኪና ይዞ ነው የተመለሰው፤ አዲሱማ የት አለና። ስለዚህ እኔ ዘንድ ሰው አይጠፋም። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «አያ እንድሪስ፣ ይሄን ራሴ ብሠራው ምን ይመስልዎታል?» ከከተማው ዳር ሶባ ድረስ የሚኖሩት ደግሞ መኪናቸው ሥር ተኝተው በስልክ ያሳዩኛል። «ስልኩን ጠጋ አድርገው፣ ጣትህን ዞር አድርግ፣ አይ እሱ ብሎን አይደለም፣ ጣትህ ነው» ስል እውላለሁ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መልሱን ለማወቅ የሥራ ዘመኔ በሙሉ ነው የፈጀብኝ፤ ያውም ያስተማሩኝ ሰው ስለነበሩ ነው። ከእሳቸው ልጀምር።

ሐይቅ አጠገብ ተወልጄ፣ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ስለጥፍ ነው ያደግኩት። በመተማ ተሻግሬ ካርቱም ስገባ ጎልማሳ ነበርኩ። የፍሬን ሸራ መቀየር ስለቻልኩ ብቻ መካኒክ ነኝ እል ነበር። ዴም ከአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየንና በማግሥቱ ጋራዦቹ ተደርድረው ወዳሉበት ሰፈር ሄድኩ። እዚህ ጋራዡን «ወርሻ»፣ ዋናውን ባለሙያ «ኡስታ» ነው የሚሉት። በየወርሻው በር እየቆምኩ ሥራ ጠየቅሁ። ሁሉም ከላይ እስከ ታች አዩኝና መለሱኝ። ኡስታ ባቢከር ግን አንድ የቆመ ታክሲ አሳዩኝና «ምኑ ነው የታመመው?» አሉኝ። እኔ ሆዬ ቸኩዬ የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ።

«ዝጋው» አሉኝ። «ባለቤቱን ጠይቀኸዋል?»

ባለቤቱ እዚያው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። አላየሁትም ነበር። አፈርኩ። ሥራውን የሰጡኝ ስለማውቅ ሳይሆን ስላፈርኩ እንደሆነ ኋላ ራሳቸው ነግረውኛል፤ የማያፍር መካኒክ ሰው ይገድላል ይሉ ነበር።

ኡስታ ባቢከር ረጅም፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ጠዋት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ያወልቁና ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ በዘይት የጠቆረውን የሥራ ልብሳቸውን ይለብሳሉ። ማታ ያ ጀለቢያ እንደ ነጣ ይመለሳል። እኔ ግን ከወር በኋላ የነጣ ልብስ አልነበረኝም። መኪና ሲመጣላቸው ቁልፍ አያነሡም። ባለቤቱን «ያላ፣ ንዳ» ይሉታል፤ እሳቸው ጎኑ ይቀመጡና ሰፈሩን አንድ ዙር ይዞራሉ። ሞተሩን ያዳምጣሉ። ተመልሰው ሲወርዱ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ጀርባ ይነኳቸዋል። ካርቱም ፀሐይ ላይ ሁሉም ጎማ ትኩስ ነው፤ እሳቸው ግን የፀሐዩን ሙቀትና አልለቅ ያለ ፍሬን ያመጣውን ሙቀት ይለዩታል። ይሄን መለየት እስክችል ድረስ እጄን ስንቴ እንዳቃጠልኩ አላህ ይወቀው።

ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ነገር ነው የጋራዥ ሰፈሩን ኡስታዎች ሁሉ የሚያስቀው። ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል። «ይሄ ያንተ ነው፤ ቤትህ ሄደህ ሥራው። ይሄ የኔ ነው፤ መኪናውን ትተህልኝ ሂድ» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ አሮጌ መኪናውን ይዞ መጣ። ቺንጊያው ያፏጫል፣ ካንዴላዎቹ አልቀዋል፣ የአየር ማጣሪያው አፈር በልቷል፣ የፊት ፍሬኑ ቱቦ ተሰነጣጥቋል። ኡስታ ባቢከር ቱቦውን ብቻ ያዙና ሌላውን ሁሉ መለሱለት። ሰውየው ተቆጣ፤ ገንዘብ የሌለኝ መሰላቸው ብሎ ነው። እኔም በሆዴ ተቆጣሁ፤ የምከፈለው ከተሠራው ሥራ ነበርና እሳቸው ሥራ ሲመልሱ እራቴን የመለሱት ነው የሚመስለኝ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ «ለምን?» አልኳቸው።

«ኢድሪስ» አሉኝ፤ እንድሪስ ማለት እምቢ ብሏቸው ነበር። «ቺንጊያውን አላልቶ ቢያስር ምን ይሆናል?»

«ያፏጫል። ባትሪ አይሞላም። መኪናው ይቆማል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይገፋዋል።»

«ፍሬኑን ቢሳሳትስ?»

የተሰነጣጠቀውን ቱቦ አየሁት።

«አየህ፣ ሁልጊዜ ይሄን ጠይቅ። ባለቤቱ ቢሳሳት መኪናው አልሄድ ይላል ወይስ አልቆም ይላል? አልሄድ የሚለውን ለሱ ተውለት፤ ይማርበት። አልቆም የሚለውን ግን አንተ ያዘው።» ከዚያ ጨመሩበት፤ «ደግሞ በእጁ የነካት ሰው ድምፅዋን ይሰማታል። ሳትሞት ያመጣልናል።»

ይሄው ነው። እስከ ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይሄንኑ ነው። ካንዴላ፣ ማጣሪያ፣ ባትሪ፣ ቺንጊያ፣ የሞተር ዘይት፣ መብራት፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ይሄን ሁሉ ራስህ ሥራው፤ ብትሳሳት ትገፋለህ እንጂ አትሞትም። ፍሬን፣ መሪ፣ ቤንዚን የሚያልፍበት ቱቦ፣ እነዚህን ለእኔ ተው። እኔ በራሴ አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር አትግባ። የካርቱም መሬት አሸዋ ነው፤ ክሪክ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ አንተ ሥር ሆነህ ብሎን ስትቆጥር አይታወቅህም። ሥሩ ሳንቃ አድርግ፣ ትርፍ ጎማህን ከመኪናው ሆድ ሥር አስተኛ፣ ከዚያ ግባ። የራዲያተር ክዳን ደግሞ ሞተሩ ትኩስ ሆኖ አትክፈት። ይሄን ስናገር ሁሉም አዎ አዎ ይሉኛል፤ ግማሾቹ ክንዳቸው ላይ ጠባሳ አለ።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አላወራም። የመኖሪያ ፈቃድ ሲያልቅ የሚሆነውን ካርቱም የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ፖሊስ ወረቀት እየጠየቀ ወደ ወርሻው ሲመጣ ኡስታ ባቢከር በር ላይ ቆሙና «እሱ ልጄ ነው፤ ከኔ ጋር ነው» አሉ። ጥቁር ሱዳናዊና ቀይ የወሎ ሰው፣ አባትና ልጅ። ፖሊሱ ሳቀና ሄደ። ለዚያች ቃል ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ ያቃተኝን ልንገራችሁ፤ የሠራሁትን ብቻ ካወራሁ ማንም አያምነኝም።

ሞተር ውስጥ ተርሞስታት የምትባል ትንሽ ነገር አለች። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ታግዳለች፤ ሲሞቅ ተከፍታ ወደ ራዲያተር ትለቀዋለች። ካርቱም ውስጥ መካኒክ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር እሷን አውጥቶ መጣል ነው። «አገሩ ራሱ እሳት ነው፤ ማሞቂያ ምን ያደርግለታል» ይላሉ። እኔም እንደ ሁሉም አወጣ ነበር፤ የኡስታ ባቢከርን ወርሻ ለቅቄ ቡሪ ሰፈር አንድ ሐጂ ወርሻ ስገባማ ባልዲ ሙሉ አውጥቻለሁ። ሐጂው ምንም ሥራ አይመልሱም፤ አንፖል ለመቀየር የመጣውንም ግባ ይሉታል። ዕቃ በሥርዓት ማስቀመጥን ከሳቸው ነው የተማርኩት፤ ወባ የጣለኝ ጊዜም ሶባ ሆስፒታል ድረስ ወስደው አሳክመውኛል፤ ስለዚህ አላማቸውም።

ዐሕመድ የሚባል የቡሪ ባለታክሲ መኪናው ይፈላበታል ብሎ መጣ። ከመኪናዋ ሌላ ምንም የሌለው ሰው ነው። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ራስ፣ አወረድኩ፣ አስተካከልኩ፣ ከሥሩ አዲስ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን አደረግኩ። ሰፈር ውስጥ ደህና ነው፤ ድልድዩን አልፎ ሲፈጥን ይፈላል። እንደገና ፈታሁ። ራዲያተሩን አጠብኩ፣ የውሃ ፓምፑን ቀየርኩ። እንደገና ፈላ። በመጨረሻው ቴስታታው ተሰነጠቀ፤ ሞተሩ ሞተ። ዐሕመድ አልተቆጣኝም። ሲጋራውን አጠፋና «አላህ ከሪም» ብሎ በእግሩ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁምዓ ቀን ኡስታ ባቢከር ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ተርሞስታቷስ?» አሉ። «ጥያታለሁ» አልኩ። ከመሳቢያቸው አንዲት አሮጌ አወጡና ገልብጠው አሳዩኝ። በአንዳንድ ሞተር ላይ እግር አላት። ከላይ ወደ ራዲያተር ስትከፍት፣ በእግሯ ደግሞ ከታች ያለውን አቋራጭ ትዘጋለች። አውጥተህ ስትጥላት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ቀስ ብለህ ስትነዳ አይታወቅም። ስትፈጥን ነው የሚገድልህ። እንደዚያ ሲያሳዩኝ አለቀስኩ፤ ጎልማሳ ሰው ነበርኩ፣ አለቀስኩ። እሳቸው ዐሕመድን አስጠሩትና ከአንድ ከተጋጨ መኪና የወጣ ሞተር ፈልገው፣ እኔና እሳቸው በጁምዓ በጁምዓ እየተገናኘን ገጠምንለት። ከዚያ ወዲህ ከመኪና ውስጥ ምንም ነገር ሥራውን ሳላውቅ አውጥቼ አልጣልኩም።

ኋላ ዴም ውስጥ የራሴን ቦታ ከፈትኩ፤ ቦታ ስል ግድግዳ የለውም፤ አንድ ጥላና አንድ ሣጥን ነው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ የሰፈሩ ሐበሻ ሹፌሮች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ የወሎውም የጎንደሩም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በአምጃድ ታክሲ የሚሠራውም በሪክሻ ባጃጅ የሚሠራውም። እያንዳንዱ የራሱን ይሠራል፣ የጎረቤቱን ያግዛል፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እለያለሁ፤ ይሄን ሥራው፣ ያንን ተወው። አንድ ሕግ ነበረን፤ በጁምዓ ፍሬን አይነካም። ፍሬን የሚነካው ቅዳሜ ነው፣ ወሬ በሌለበት፣ በኔ እጅ። ኡስታ ባቢከር ይሄን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከጦርነቱ በፊት አልጋቸው ላይ ተኝተው ነው የሞቱት፤ አልሐምዱሊላህ።

ሉባባን ያወቅኋት በነዚያ ጁምዓዎች ነው። የወረባቦ ልጅ ናት። ቡሪ አንድ ቤት ሠራተኛ ሆና ሁለት ሴት ልጆቿን ታሳድግ ነበር፤ ባሏ ሞቷል። ወንድሟ ገዝቶ ይሠራበት የነበረ አንድ ያረጀ አምጃድ ነበር፤ ያቺ ሰው የምታመላልስ ሚጢጢ መኪና። ወንድሟ ወደ ሊቢያ ሲሄድ ለሷ ተወላት። መንዳት ያስተማረቻት የምትሠራበት ቤት እመቤት ናት፤ ደግ ሱዳናዊት። ወንዶቹ መጀመሪያ ሴት ምን ልትሠራ መጣች ብለው ሳቁባት። የአምጃድ ሞተር ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩን አንሥቶ ነው የሚሠራው። ሉባባ ወንበሩን አንሥታ እጅጌዋን ሰብስባ ስትገባ ሳቃቸው ቀነሰ።

«አያ እንድሪስ፣ ዛሬ ደግሞ ታፏጫለች» ትለኛለች።

«መቼ መቼ ነው?»

«ጠዋት ስነሣ።»

«ቺንጊያዋ ናት። ያንቺ ሥራ ናት።»

«ሁሉም የኔ ሥራ ነው። አንቱ ታዲያ መቼ ነው የሚሠሩት?»

«እኔማ ጡረታ ልወጣ ነው።»

እውነትም ወጣሁ። እጄ እንደነገርኳችሁ ሆነና ሣጥኔን ቆለፍኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ የሚያወሩ ሌሎች አሉ፤ እኔ የማውቀው መኪና ነው። መብራት ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ፣ ወርሻዎቹ ተዘጉ፣ ኢስቢር የሚሸጡት፣ መለዋወጫውን ማለቴ ነው፣ ሱቃቸውን ትተው ወጡ። ጎረቤት በጎረቤት እየሄደ አለቀ። እኔ አልሄድም ብዬ ነበር። ሽማግሌ ሰው፣ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ የት ሄጄ ማን ላይ ልወድቅ።

አንድ ጠዋት ሉባባ አምጃዷን ከቤቴ በር ላይ አቆመች። ሁለቱ ልጆቿ ውስጥ ናቸው። አሠሪዎቻቸው ቤቱን ዘግተው የሄዱባቸው ሦስት የወሎ ሴቶችም አሉ፤ የሚጠጉበት ስላልነበራቸው ሰብስባቸዋለች። በአገራችን ድንበር በኩል ወዳለችው ገዳሪፍ ልትወጣ ነው። አውቶቡስ ወደሚነሣበት መድረስ አልተቻለም፤ ያለቻቸው ያቺ መኪና ብቻ ናት።

«አያ፣ ሦስት ነገር አላት» አለችኝ። «ታፏጫለች፣ ውሃ ትጥላለች፣ የኋላ ግራ ጎማዋ ደግሞ ረጥቧል።»

ጎንበስ ብዬ የጎማውን ውስጠኛ ጎን በጣቴ ነካሁ። ውሃ አይደለም። በጣቶቼ መካከል አሸሁት፣ አሸተትኩት። የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ ያለችው ትንሿ ፓምፕ ጎማዋ ተበልቶ እያፈሰሰች ነው። እንዲህ ሆና ከሄደች፣ ከሰፈር ሳትወጣ ዘይቱ ያልቅና ሉባባ ስትረግጠው ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ዕድሜዬን ሙሉ ያንን አንድ ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬ፣ ያን ጠዋት መልሱ ጠፋኝ። አልቆም የምትል መኪና ይዘሽ አትሂጂ ልበላት? መቅረቱም ያው ሞት ነው። ሰማዩ ላይ የሚሰማው ድምፅ እየቀረበ ነበር፤ ትንሿ ልጅ ጆሮዋን በእጆቿ ይዛለች። በመኪናው አለመሄድ ሰው የሚሞትበት ቀን ይመጣል ብለው ኡስታ ባቢከር አላሰቡም፤ እኔም አላሰብኩም። አዲስ ፓምፕ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ፍሬን የሚነካ እጅ አለ ቢባል ደግሞ እጄ ይኸው፤ ብርጭቆ አይዝም።

«ሉባባ» አልኳት፣ «ቺንጊያውንና የውሃ ቱቦውን አንቺ ሥሪ። እኔ እስከዚያ ላስብ።»

ወንበሩን አነሣች። ቺንጊያውን ወጠረችው፤ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፣ ላላ ያለው ትንሽ ብቻ መሆኑን አየች። የተሰነጠቀውን የቱቦ ጫፍ ቆርጣ ጣለች፣ ደህናውን ገፍታ መልሳ አሰረች። እኔን አልጠየቀችኝም። ሳያት ፍርሃቴ ቀነሰ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝም ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

የኋላው የፍሬን ቱቦ መሐል ላይ ደርሶ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። የግራውን እዚያው መክፈያው ላይ ከደፈንነው፣ ፓምፗ የፈለገችውን ትሁን፤ መኪናዋ በሦስት ጎማ ፍሬን ትይዛለች። ወደ ቀኝ ትስባለች፣ ግን ትቆማለች። መድፈኛው ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች ትንሽ የብረት ኳስ ናት፤ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠህ የቱቦውን ዳዶ ስታጠብቅባት ትዘጋዋለች። ሣጥኔን ከፈትኩ፤ ኳሷ አልጠፋችም። ሳንቃ አነጠፍን፣ ትርፍ ጎማውን ከሆዷ ሥር አስተኛን፣ እኔ ገባሁ።

ኳሷን ወደ ቀዳዳው ሳስጠጋ እጄ ጀመረ። ወደቀች። አነሣኋት። ወደቀች። አሸዋው ውስጥ ስፈልጋት ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ሉባባ ጎኔ ተኝታ ስታይ ቆየችና እጄን ያዘችኝ። እንደ እህት ነው የያዘችኝ።

«አያ፣ አንቱ ይናገሩ፤ እኔ ልሥራ» አለች።

ወጣሁ። ራሴን ከጎማው ጎን አድርጌ ነገርኳት። ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ፤ አንዲት አሸዋ ከቀረች ይፈስሳል። ኳሷን መሐል። ዳዶውን በጣትሽ እስኪይዝ፣ ከዚያ በቁልፍ፣ ጥርስሽን ሳታፋጪ አጥብቂ፤ ክሩን ከፈጀሽው ሌላ የለንም። ሁሉን አደረገች። ቀጥሎ አየር ማስወጣት ነበር፤ ለሱ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሥር ሆኖ መተንፈሻዋን ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ አንዱ ወንበር ላይ ሆኖ ፔዳል ይረግጣል። መርገጥ የረዳት ሥራ ነው፤ ኮምቦልቻ በነበርኩ ጊዜ ነው መጨረሻ የረገጥኩት። እግሬ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ይርገጡ አያ» አለች ከሥር።

ረገጥኩ።

«ይያዙት። አሁን ይልቀቁ። ይርገጡ።» ትንሽ ቆይቶ አንቱታው የት እንደገባ እንጃ፤ «ርገጥ። ያዝ አልኩህ። አትልቀቅ» ትለኛለች። ልጆቿ መስኮት ላይ ሆነው ይስቃሉ። እኔ እታዘዛለሁ። ቀስ በቀስ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠነከረ፤ ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ሆነ። እንደዚያ ቀን ፔዳል ጠንክሮ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መንገዷ ላይ ነድታ ሞከረችው። ወደ ቀኝ ጎተታት፣ መሪውን አስተካከለች፣ ቆመች። ያን ጊዜ ቤቴ ገባሁና ልብሴን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ኡስታ ባቢከር ፍሬን ከሠሩ መጀመሪያ ጎኑ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ «የፈቀድኩትን ፍሬን ሌላ ሰው አይሞክርልኝም» ይሉ ነበር። የዚህ ፍሬን ዋናው ሙከራ ደግሞ ረጅሙ መንገድ ነው፤ እኔም የፈቀድኩት ስለሆነ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ።

«አልሄድም አላሉም እንዴ?» አለች ሉባባ።

«ፍሬኑን ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ አይደለም።»

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ነበረው።

መንገዱ ረጅም ነበር። ማርሽ ቀንሰሽ አዝጊሚ፣ ከፊትሽ ካለው ራቅ በይ፣ ሳያስፈልግ አትርገጪ እያልኩ አሰለቸኋት። በየመንደሩ ሱዳኖቹ መንገድ ዳር ወጥተው ውሃና ምግብ ይሰጡን ነበር፤ የራሳቸው ሳይተርፋቸው፣ ማን እንደሆንን ሳይጠይቁ። ያን አልረሳም። በቆምን ቁጥር ጎማዎቹን በእጄ ጀርባ እነካለሁ። ሦስቱ ሙቅ ናቸው፣ አንዷ ቀዝቃዛ። እንደሚገባው ነው።

ገዳሪፍ ልንደርስ ስንል ግመሎች ከጥሻው ውስጥ ወጥተው አስፋልቱን ሞሉት። ሉባባ እየነዳች ስለ ታላቋ ልጇ ታወራኝ ነበር። ቃሏን ሳትጨርስ ረገጠች። አምጃዷ ወደ ቀኝ ተወረወረች፤ ሉባባ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ግራ መለሰችው፤ ከኋላ ሴቶቹ «ያ አላህ» ሲሉ ይሰማኛል። እኔ እግሬ ባዶ ወለሉን ይረግጣል። ቆምን። አንዲት ግልገል ግመል ከመስታወቱ ፊት ቆማ አየችንና መንገዷን ቀጠለች።

ሉባባ ግንባሯን መሪው ላይ አድርጋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። እኔም አለቀስኩ፤ አልደበቅኩትም።

ገዳሪፍ ስንገባ መጀመሪያ የሄድነው ወርሻ ነው። ኡስታው ጎልማሳ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ቁጡ ቢጤ ነው። መኪናዋን አንሥቶ ሥሯ ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ የብረት ኳሷን በመዳፉ ይዟል።

«በዚህ ነው ከካርቱም የመጣችሁት?» አለ። «ማን ነው የሠራው?»

ሉባባ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ እሷ ጠቆምኩ።

ኡስታው ከላይ እስከ ታች አያት፤ በዘይት የጠቆረ እጇንና የተሰበሰበ እጅጌዋን አየ። ኳሷን መዳፏ ላይ መለሰላትና በአክብሮት «የአላህ ሰላም በእጅሽ ላይ ይሁን፣ ኡስታ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ? ረዳቷ ነህ?»

በነዚያ ሁሉ ዓመታት በሠራሁባቸው ወርሻዎች ሁሉ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«አዎ» አልኩት። «ረዳቷ ነኝ።»